ጅማ ላይ ፎቶግራፍ አንሺ ሆኖ መኖር፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰርግ ቤት፣ ባጃጅ ውስጥ፣ ቡና ላይ፣ በስልክ መልእክት፤ የሚቀርብልኝ ጥያቄ ሁሌም ተመሳሳይ ነው። በየደረስኩበት ከመድገም አንድ ጊዜ ጽፎ መገላገል ይሻላል ብዬ ተቀመጥኩ። ጥያቄዎቹን እንደተጠየቁኝ ትቻቸዋለሁ፤ አንዱ ቆጣ ያለ፣ አንዱ የሚያባብል ቢመስል የጠያቂው ጠባይ ነው።

የት ነው የተማርሽው?

ፎቶ ቤት ውስጥ፣ ያውም ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ። በሒሳብ አያያዝ ዲፕሎማዬን ይዤ ስወጣ ያገኘሁት ሥራ እሱ ነበር። ባለቤቱ፣ ጋሼ እያልኩ የምጠራቸው ሰው፣ ለአሥራ አንድ ወር ካሜራ አላስነኩኝም። የእኔ ድርሻ ደረሰኝ መጻፍና ጉርድ መቁረጥ ነበር። በአንድ 10 በ15 ወረቀት ላይ ስምንት ጉርድ ፎቶ ይታተማል። ነጩን ጠርዝ እኩል አስቀርቶ መቁረጥ፣ አራቱን በትንሽ ፖስታ መክተት፣ ስም መጻፍ፣ ቀጣዩን መሳብ። አንድ ፊት ስምንት ጊዜ፣ በቀን ሠላሳ አርባ ሰው።

በሦስተኛው ወር ግድም ከመቁረጫው ሳልነሳ መብራቱ የት እንደነበረ ማወቅ ጀመርኩ። የአገጭ ጥላ ወደ ቀኝ ካዘነበለ የበራው የግራው መብራት ብቻ ነው። ዓይን ውስጥ የምትታየው ነጭ ነጥብ ሁለት ከሆነች ሁለቱም በርተዋል። ጋሼ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብለው ጮክ ብለው ይቆጥራሉ፤ የሚያነሱት ግን ሁለት ላይ ነው። ሦስት ላይ ሰው ትንፋሹን ይይዛል፣ ዓይኑም ይፈጣል። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ ከሚጣሉት ፎቶዎች ነው የገባኝ። በአሥራ ሁለተኛው ወር ሕፃናቱን ተዉልኝ። ምክንያቱ እምነት አልነበረም፤ ሕፃን አልቀመጥ ሲላቸው ይናደዱ ስለነበረ ነው።

ታዲያ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም ማለት ነው?

እንደዚያ አላልኩም። እኔ ያጣሁትን ስለማውቅ ነው። በመጀመሪያዎቹ አራት ዓመታት ፎቶዬን አይቶ "ይህ ለምን ተነሳ?" ያለኝ ሰው አልነበረም። ደንበኛ "አምራለሁ ወይስ አላምርም?" ይላል እንጂ ሌላ አይጠይቅም። ትምህርት ቤት የሚሰጠው ትልቁ ነገር ያንን ጥያቄ የሚጠይቅ መምህርና የሚከራከር ጓደኛ ነው።

አገራችን ውስጥ የሥነ ጥበብ ትምህርት ሲነሳ መጀመሪያ የሚጠራው በ1950 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው፣ ዛሬ በመሥራቹ በአለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው ትምህርት ቤት ነው። ከዚያ የወጡት በዋናነት ሠዓሊዎችና ቀራፂዎች ናቸው፤ ግን ሥዕል የተማረ ዓይን ካሜራ ሲይዝ ምን እንደሚያደርግ ለማየት የሚካኤል ጸጋዬን ሥራ መመልከት ይበቃል። ሚካኤል ሥዕል ተምሮ የዘይት ቀለም ሰውነቱ አልቀበል ስላለው ወደ ፎቶግራፍ የዞረ ሰው ነው። አይዳ ሙሉነህ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ኮሙኒኬሽን ከተማረች በኋላ ለዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ ስትሠራ ቆይታ ነው ወደ አገሯ የተመለሰችው። ሁለቱም የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት ተመራቂዎች አይደሉም፤ ሁለቱም ግን ተምረዋል።

ጅማ ያለ ልጅ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ጋዜጠኝነት ቢያጠና፣ ወይም ታሪክ፣ ወይም ግብርና እንኳን፣ ፎቶው ላይ የሚጨምርለት ነገር አለው። እኔን ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ያ አሰልቺ የሒሳብ አያያዝ ነው። ስንቱ ጎበዝ አንሺ ገቢና ወጪውን ሳያውቅ ካሜራውን እንደሸጠ አይቻለሁ።

ልጄ ፎቶግራፍ አንሺ መሆን ትፈልጋለች። እንጀራ ይሆናታል?

ይህን የሚጠይቁኝ አባቶችና እናቶች ናቸው፤ ስለዚህ በአክብሮት፣ ግን ሳልሸፍን እመልሳለሁ። ይሆናታል፤ ነገር ግን በወር ሳይሆን በዓመት የሚታሰብ እንጀራ ነው።

ድሮ የፎቶ ቤት የዘወትር ገቢ ጉርድ ነበር። አሁን ፓስፖርትም ሆነ የፋይዳ መታወቂያ ፎቶውን እዚያው ስለሚያነሱ ያ ምንጭ በየዓመቱ እየደረቀ ነው። የቀረው ሰርግ፣ ምርቃት፣ ልደት፣ አልፎ አልፎም የድርጅት ሥራ ነው። ሰርግ ደግሞ የጾም ባሪያ ነው። በሁዳዴ ክርስቲያኑ አያገባም፤ በረመዳን ሙስሊሙ አያገባም። ጅማ ሁለቱም የሚኖሩባት ከተማ ስለሆነች ብዙ ጊዜ አንዱ ሲዘጋ ሌላው ይከፈት ነበር፤ እኛም በመሐል እንተነፍሳለን። በ2016 ዓ.ም. ግን ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ቀን፣ መጋቢት 2 ገቡ። በቀጣዩ ዓመትም ተደራረቡ። በእነዚያ ሳምንታት ስልኬ የሚጠራው የቀድሞ ደንበኛ "ፎቶው ጠፋብኝ፣ ድጋሚ ላኪልኝ" ለማለት ብቻ ነበር።

ስለዚህ ልጅዎን ካሜራ ከመግዛትዎ በፊት ጥርና ሚያዝያ ላይ የሚገባውን ገንዘብ እስከ መስከረም ማድረስ ትችል እንደሆነ ይጠይቋት። ቀብድ መቀበልም ትልመድ። ቀብድ ሳትቀበል ቀን የምትይዝ ልጅ ሰርጉ ሲሰረዝ እንባዋን ይዛ ትቀራለች። እኔ ግማሹን አስቀድሜ እቀበላለሁ፤ ለዘመድም ቢሆን፣ በተለይ ለዘመድ።

በስልክ መጀመር ይቻላል?

ይቻላል። ግርማ በርታ የአዲስ አበባን ጎዳና በስልኩ እያነሳ ነው በ2016 እ.ኤ.አ. የጌቲ ኢሜጅስና የኢንስታግራም ድጎማ ያሸነፈው። ስልክ የማይችለው ሥራ አለ፤ የሰርግ አዳራሽ ጨለማ አንዱ ነው። ነገር ግን ስልክ ይዞ የማያይ ሰው ካሜራ ሲይዝ ማየት አይጀምርም።

ምን ዓይነት ካሜራ ልግዛ?

ያገለገለ። ካኖን ይሁን ኒኮን ወይም ሶኒ አትጨነቁ። ሻጩን የካሜራው መዝጊያ (ሻተሩ) እስካሁን ስንት ጊዜ እንደተኮሰ ጠይቁት፤ እንደ መኪና ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ነገር ነው። ሰማይ ላይ አነጣጥራችሁ ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባችሁ አንድ ፎቶ አንሱና አጉሉት፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ብርሃኑን የሚቀበለው ዳሳሽ ቆሽሿል። ከዚያ 50 ሚሊ ሜትር፣ ቀዳዳው እስከ 1.8 የሚከፈት ርካሽ ሌንስ ጨምሩበት። እኔ በዚህ አንድ ሌንስ ሦስት ዓመት ሠርቻለሁ። ሌንሱ ስለማያቀርብና ስለማያርቅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ በእግር መሄድ ነው፤ ጅማ ላይ በእግር መሄድ ደግሞ አያስቸግርም።

ጅማን በተመለከተ ግን ከካሜራው ምርጫ የሚበልጥ አንድ ጉዳይ አለ፤ እርጥበት። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ግድም ላይ፣ ረጅም ክረምት ባለበት አገር ናት። ሁለተኛዋን ሌንሴን በዕቁብ ገንዘብ ገዛኋት። በሐምሌ ሥራ ስላልነበረኝ ከቆዳ ቦርሳዋ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍኩባት፤ ክብር መስጠቴ ነበር። መስከረም ላይ ሳወጣት ፎቶው ሁሉ ጉም የገባበት ይመስላል። ወደ መስኮቱ አቅርቤ በብርሃን ሳያት መስታወቱ ውስጥ፣ ጠርዙ ላይ፣ የሸረሪት ድር የመሰለ ቀጭን ነጭ ነገር ተዘርግቷል። ሻጋታ ነው። የመስታወቱን ሽፋን ይበላል፤ ቢጸዳም አሻራው አይለቅም።

ከዚያ ወዲህ ዕቃዬ የሚኖረው ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ነው። ከጫማ ካርቶንና ከመድኃኒት ብልቃጥ የሚገኙትን እርጥበት መጣጭ ከረጢቶች አልጥልም፤ ውስጡ እበትናቸዋለሁ። ቀለማቸውን የሚለውጡትን ፍሬዎች ካገኛችሁ ደግሞ ቀለሙ ሲለወጥ በምጣድ ላይ በዝግታ አድርቃችሁ መልሱ። የቆዳ ቦርሳ፣ ቁም ሣጥንና ጨለማ ለሻጋታ ግብዣ ናቸው። ቡና ነጋዴ መጋዘኑን እንዴት እንደሚጠብቅ ያየ ሰው ይህን ምክር አይንቅም።

ለምን አጠቆርሽኝ?

ይህ ጥያቄ ሳይሆን ክስ ነው፤ መጀመሪያ ያነሳሁት ሰርግም የተከሰሰበት ነው። ከፋሲካ ማግስት፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ሙሽራዋ ነጭ ቀሚስ፣ ሚዜዎቹ ነጭ በነጭ፣ ሜዳ ላይ። ፎቶዎቹ ሲወጡ ቀሚሱ ግራጫ፣ ፊቶቹ ጥላሸት ነበሩ። የሙሽራዋ እናት አልበሙን ገልጠው "ልጄን ከሰል አደረግሻት" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

አሁን አለኝ። የካሜራው የብርሃን መለኪያ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ለማምጣት ነው የሚሠራው። ነጭ ልብስ ፎቶውን ሲሞላው "ብርሃን በዝቷል" ብሎ ይቀንሳል፤ ሲቀንስ ጠይሙን ፊት ይዞ ይወርዳል። መፍትሔው መለኪያውን ፊት ላይ ማድረግ፣ ወይም ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ አድርጎ የቀሚሱ ጥልፍ እንዳይጠፋ የብርሃን ግራፉን እየተከታተሉ መሥራት ነው። ካሜራው ሳይነካካ በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል (RAW) ማንሳትም ስሕተትን ለማረም ቦታ ይሰጣል።

ፀሐይዋ ግን አትታረምም። ጅማ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን ከ8 ዲግሪ ያነሰ ርቀት ላይ ስለሆነች በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ መጨረሻ ፀሐይ ቀትር ላይ አናታችን ላይ ትቆማለች። የዚያን ሰዓት ዓይን ጉድጓድ ይሆናል። ስለዚህ ሙሽሮቼን ወደ በረንዳ ጥላ አስገባቸዋለሁ፤ ፊታቸውን ወደ ሜዳው፣ ጀርባቸውን ወደ ቤቱ። ሽማግሌዎች "ፀሐይ እያለ ለምን ጥላ?" እያሉ ይቆጣሉ። አልበሙ ሲመጣ ዝም ይላሉ።

የሴቶቹን በኩል የምታነሺው አንቺ ነሽ? ለምን ፎቶዎቹን አንድም ቀን አይተንልሽ አናውቅም?

እኔ ነኝ፤ አታዩአቸውምም።

በብዙ የጅማ ሙስሊም ቤተሰቦች ሰርግ ላይ ሴቶቹ ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ወንድ አንሺ በር ላይ ይቀራል። ለዓመታት የዚያ ክፍል ፎቶ በእህትማማች ስልክ፣ በተንቀጠቀጠ እጅ የሚነሳ ነበር። እኔ ሴት በመሆኔ ገባሁ፤ ከገባሁ በኋላ ግን ሴት መሆን ብቻውን እንደማይበቃ ተረዳሁ። ሒና በሚቀባበት ሌሊት ክፍሉ ውስጥ ያለው መብራት አንድ አምፖል ነው። ፍላሽ ብተኩስ ጨዋታው ይቆማል፤ ስለዚህ አልተኩስም። ጥግ ይዤ እቀመጣለሁ፤ መጀመሪያ ቡናውን እጠጣለሁ፤ ከአንድ ሰዓት በኋላ ካሜራው ከስኒው የተለየ ዕቃ መሆኑ ቀርቶ ማንም አያየውም።

ስምምነቴ የማይለዋወጥ ነው። ፎቶዎቹ ለሙሽራዋ ይታተማሉ፣ ፋይሉ በእጇ ይሰጣታል፣ የእኔ ቅጂ እሷ እያየች ይጠፋል። ለማስታወቂያ አይለጠፍም፣ ለውድድር አይላክም። ከሠራኋቸው ሁሉ የምኮራባቸው ፎቶዎች እዚያ ነው ያሉት። አንዱን በቃል ልገልጸው እዚህ ጋ ጀምሬ ተውኩት፤ መግለጹም ማሳየት ሆኖ ተሰማኝ። አንድ ባልደረባዬ "የሥራ ማስረጃ ሳይኖርሽ እንዴት ደንበኛ ታገኛለሽ?" ይለኛል። ደንበኛ የማገኘው ማስረጃ ስለሌለኝ ነው።

የራስሽ የጥበብ ሥራ ምንድን ነው? የፎቶ ጀርባ ታነሳለች የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው። አጀማመሩ በስሕተት ነበር። ሰው ሲሞት ቤተሰቡ ለለቅሶ ቤት የሚቀመጥ ፎቶ ፍለጋ ሣጥን ይከፍታል፣ ወይም ከግድግዳ ያወርዳል። የተገኘችው ትንሽ ጥቁርና ነጭ ፎቶ ወደ እኛ ትመጣና እናሳድጋታለን። አንድ ቀን ቸኩዬ ፎቶዋን በስካነሩ ላይ ገልብጬ አስቀመጥኳት። ስክሪኑ ላይ የወጣው ፊት ሳይሆን ጽሑፍ ነበር፤ በሰማያዊ ቀለም "ለማስታወሻ ይሁንሽ"፣ ከሥሩ "ጥር 1966፣ ጅማ"፣ ከጎኑ የፎቶ ቤቱ ክብ ማኅተም። የሟቿ ልጅ ጽሑፉን አይታው አታውቅም ነበር። ፎቶው አርባ ዓመት ሙሉ ግድግዳ ላይ ፊቱን ወደ ሰው፣ ጀርባውን ወደ ጭቃው አድርጎ ነው የኖረው።

ከዚያ ወዲህ የቆዩ ቤቶችን እየዞርኩ የፎቶ ጀርባ አነሳለሁ። እስካሁን 212 ደርሰዋል። ደንቤ አንድ ነው፤ ፎቶው ከቤቱ አይወጣም። መስኮት አጠገብ በርጩማ አስቀምጣለሁ፤ ብዙ ጊዜ ያው ከአንድ ግንድ የተፈለፈለው ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ነው። በመስኮቱ ብርሃን ፊቱን አንድ፣ ጀርባውን አንድ አነሳለሁ። ቀጥሎ ፎቶው የተሰቀለበትን ግድግዳ፣ ሚስማሩንና ጢስ ያልደረሰበትን ነጣ ያለ አራት ማዕዘን አነሳለሁ። ሦስቱ አብረው ነው የሚቆሙት።

ጀርባዎቹ ላይ የከተማዋ ጽሕፈት ሁሉ አለ። አማርኛ በፊደል፤ አፋን ኦሮሞ በፊደል፣ ቁቤ ሳይመጣ በፊት የተጻፈ፤ ከ1984 ዓ.ም. በኋላ አፋን ኦሮሞ በላቲን ቁቤ፤ አንዳንዱም በአረብኛ ፊደል የተጻፈ ነው፣ እሱን የሚያነቡልኝ አንድ ሼህ አሉ። አንዳንዱ ላይ ስም ተፍቆ በሌላ ስም ተተክቷል። ለምን ብዬ አልጠይቅም፤ ባለቤቷ ከፈለገች ራሷ ትነግረኛለች።

ፊቶቹንም አልተውኩም፤ አንድ ኮት አገኘሁባቸው። ሁለተኛው ቁልፍ የሌለው፣ የግራ ኪሱ ትንሽ የወረደ ጥቁር ኮት ነው። መጀመሪያ አንድ ጡረተኛ መምህር ቤት አየሁት፤ ወጣት ሆነው ለብሰውታል። ከወራት በኋላ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ሰው፣ ያው ኮት፣ ያው የጎደለ ቁልፍ። እስካሁን በሦስት ቤት አራት ሰው ለብሶታል። የፎቶ ቤቱ ኮት ነበር፤ ከከረባቱ ጋር ለደንበኛ ይዋስ ነበር። ከአራቱ ሰዎች አንዱ በሕይወት አሉ። ስለ ኮቱ ስጠይቃቸው "ሰፊ ነበር" አሉኝ፤ "ከኋላ በመርፌ ቁልፍ ይዘውልኝ ነው።" ፎቶውን እንደገና አየሁት። ትከሻቸው ለምን እንደዚያ እንደተወጠረ ያኔ ገባኝ።

ሚካኤል ጸጋዬ መቃብር ላይ ተለጥፈው ፀሐይና ዝናብ የበላቸውን ፎቶግራፎች ያነሳበትን ሥራ ባላይ ኖሮ ይህ ሥራ መሆኑን ላላምን እችል ነበር። የተነሳ ፎቶን እንደገና ማንሳት ቅጂ ይመስለኝ ነበር።

አንዴ አንድ ካፌ ግቢ ውስጥ 24ቱን አሳይቻለሁ። መስታወትና ክፈፍ አልተጠቀምኩም፤ በሁለት ወገን አትሜ በጆንያ ሲባጎ አንጠለጠልኳቸው፣ ሰው እየገለበጠ እንዲያይ። አንድ አዛውንት ከአንዱ ፊት ለፊት ረጅም ሰዓት ቆመው ቆዩና እስክሪብቶ ጠየቁኝ። እኔ 1958 ብዬ የጻፍኩትን ሰርዘው 1963 አሉት። "ይህ ወለል ያኔ አልነበረም፤ ፎቶ ቤቱ ሸክላውን ያነጠፈው እኔ ስመረቅ ነው" አሉ። እስከ ማታ ሦስት መግለጫ ታረመ። ያረሙበት ቀለም አሁንም እንዳለ ነው፤ እንደገና አላተምኩትም።

የቡናውንና የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ፎቶ ለምን አታነሺም?

አነሳለሁ፣ በክፍያ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡና ሲለቀም ላኪዎች ለማስተዋወቂያ ያዝዙኛል። ሁለት እጅ ሙሉ ቀይ ቡና ወደ ካሜራው የተዘረጋበት ፎቶ እንዲኖርም ሁሉም ይፈልጋሉ። ያንን ፎቶ ስንት ጊዜ እንዳነሳሁት አላውቅም፤ እጆቹ ብቻ ይለያያሉ። አንድ ጊዜ ለቃሚዋን "ምን ላንሳ?" ብያት ቅርጫቱን በወገቧ ያሰረችበትን ገመድ አሳየችኝ፤ ወገቧን የፈተጋትን። ያዘዘኝ ሰው አልወሰደውም፤ እኔ ዘንድ አለ።

ጅሬን ኮረብታ ላይ ያለውን ቤተ መንግሥት በተመለከተ፣ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር የእንጨት ሰገነት በጠዋት ጉም ውስጥ በእርግጥ ያምራል። ግን ቤቱን ብቻ አንስቶ የሚመለስ ጎብኚ ከሰገነቱ ወደ ታች፣ ወደ ከተማዋ ዞሮ ቢያነሳ ይሻለው ነበር።

ያነሳሽው ፎቶ የማን ነው?

የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ስለ ፎቶግራፍ የሚለውን ማወቅ የባለሙያ ግዴታ ነው። የፎቶግራፍ የገንዘብ መብት የሚጠበቀው ፎቶው ከተሠራበት ጊዜ ጀምሮ ለ25 ዓመት ነው፤ መጽሐፍ የጸሐፊው ዕድሜና ከዚያ በኋላ 50 ዓመት ሲሰጠው የእኛ ይህ ነው። ጥበቃውን ለማግኘትም ፎቶው የስብስብ አካል መሆን፣ ወይም በመጽሐፍ መውጣት፣ ወይም የአንሺው ወይም የወኪሉ ስምና አድራሻ ያለበት መሆን አለበት። ሰው አዝዞ ከፍሎ ያሠራው ከሆነ ደግሞ ሌላ ውል እስካልተደረገ የገንዘብ መብቱ የአዛዡ ነው። ስለዚህ የሰርግ ፎቶን ለማስታወቂያ መጠቀም የፈለገ አንሺ አስቀድሞ ይጻፈው፤ አንድ ገጽ ይበቃል።

ስምና አድራሻ የሚለውን ሳነብ የድሮዎቹ ፎቶ ቤቶች ክብ ማኅተም ትዝ አለኝ። አዋጁ ሳይወጣ በፊት ከጀርባው አትመውት ነበር። እኔም ማኅተም አስቀርጫለሁ፤ ያተምኩት ሁሉ ጀርባው ላይ አለ።

መንገድ ላይ ሰው ሳያስፈቅዱ ማንሳት ይቻላል?

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 27 የሰውን ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትና መሸጥን ይከለክላል። አንቀጽ 28 ለታወቁ ሰዎች፣ ለትምህርትና ለባህል ጉዳይ፣ በአደባባይ ለተደረገ ክንዋኔና ለመሳሰሉት በር ይከፍታል። ሐሙስ ገበያ ውስጥ ግን ሰው የሚያየው አንቀጽ ሳይሆን ዓይናችሁን ነው። በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ስጡ፣ ዋጋ ጠይቁ፣ ግዙ፤ ከዚያ ካሜራውን አሳዩ። እምቢ ካሉ አመስግናችሁ ሂዱ። ድሮን ያለ ፈቃድ ማስነሳት ግን እዚህ ውስጥ አይገባም፤ ያስወርሳል፣ ያሳስራልም።

አዲስ አበባ ለምን አትሄጂም?

እሄዳለሁ፤ 350 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። ትልልቅ ኅትመቶቼን እዚያ ነው የማሠራው፤ አይዳ ሙሉነህ በ2010 እ.ኤ.አ. የጀመረችው የፎቶግራፍ ፌስቲቫል፣ አዲስ ፎቶ ፌስት፣ ሲካሄድም ለማየት ሄጃለሁ። ለመኖር ግን 212ቱ ጀርባዎች እዚህ ናቸው።

ሥራዬን የት ልላክ? ስንት ፎቶ ይበቃል?

ከ10 እስከ 15፣ በአንድ ጉዳይ ላይ። አንድ ቡና፣ አንድ ሰርግ፣ አንድ የፀሐይ መጥለቂያ የያዘ ስብስብ የማንም አይመስልም። ለመላክ ብላችሁ ገንዘብ አትክፈሉ፤ ወርልድ ፕሬስ ፎቶን የመሰለ ትልቅ ውድድር እንኳን ለመግባት አያስከፍልም። ሙሉጌታ አየነ የ2019 እ.ኤ.አ.ውን የኢትዮጵያ አየር መንገድ አደጋ ስፍራ ባነሳበት ሥራ በ2020 የተሸለመው እዚያ ነው። ከመላካችሁ በፊት ፎቶዎቹን በትንሽ ወረቀት አትማችሁ መሬት ላይ ዘርጉ፤ እናታችሁ ወይም ጎረቤት ሲያልፉ የትኛው ላይ ጎንበስ እንደሚሉ ተመልከቱ። የማይጎነበሱበትን አውጡት።

አንድ ቀን አብሬሽ መዋል እችላለሁ?

ሰርግ ላይ አይቻልም፤ የደንበኛ ቤት ነው። ሐሙስ ጠዋት ከአንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ገበያ ላይ እሆናለሁ፤ ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ስለሚከብድ ወደ ቡና እገባለሁ። ካሜራ ባይኖራችሁም ግድ የለም፤ የመጀመሪያው ቀን ሥራ ቦርሳዬን መያዝ፣ ለሰው ሰላምታ መስጠትና ብርሃን የሚመልሰውን ነጭ ሰሌዳ ወደ ሰው ፊት አዙሮ መቆም ነው። እጅ ያደክማል። ከሰኔ እስከ መስከረም ከመጣችሁ ደረቅ ፎጣ ይዛችሁ ኑ፤ ለካሜራው ነው።